ምን አለሽ ተራ ስድብ አይደለም፦ ስለ ድሮዎቹ የፋይል ማከማቻዎች ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በፕሮግራመሮች መካከል ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሰዎች በገዛ እጃቸው የሠሯቸውን ትንንሽ መገልገያ ፕሮግራሞች ለሁሉም ስላስቀመጡባቸው የኦንላይን ፋይል ማከማቻዎች ነው። ጸሐፊው ስለነዚህ ቦታዎች በናፍቆት የሚያወራ ሰው አይጥማቸውም። ክሶቻቸውን ባጭሩ ላስቀምጣቸው። ማከማቻዎቹ የትርፍ ጊዜ ሥራ የተጣለባቸው ምን አለሽ ተራ ነበሩ ይላሉ። ጠባቂ አልነበራቸውም ይላሉ። የቫይረስ መፈልፈያ ነበሩ፤ ነጻ ነገር አስለምደው የባለሙያውን እንጀራ ነጠቁ፤ የፈረንጅ ጨዋታ እንጂ እኛን የሚመለከት ነገር አልነበራቸውም ይላሉ። በመጨረሻም ፈላጊ አጥተው ሞቱ ይሉና ለወጣቶቻችን ምክር ያቀርባሉ፤ ትንንሽ መገልገያ እየሠራችሁ በነጻ አትበትኑ፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ምክሩ ባይኖር ዝም ብዬ ባለፍኩ ነበር። ታሪክ ሲዛባ ያሳዝናል። በተዛባ ታሪክ ላይ ቆሞ ልጆችን መምከር ግን ጉዳት አለው። ሶፍትዌር እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ በየቀኑ የምነካው ነገር ከነዚያ ማከማቻዎች የመጣ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን ላልደረሱበት አንባቢዎች ትንሽ ላብራራ። ድረ ገጽ ከመምጣቱ በፊት ከሩቅ ኮምፒውተር ፋይል የሚወርደው በኤፍቲፒ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ለማንም ክፍት የሆነ ሰርቨር ያቆማሉ። የመግቢያ ስም ሲጠይቅህ «አኖኒመስ» ብለህ ትጽፋለህ። የይለፍ ቃል ሲል ደግሞ የራስህን የኢሜይል አድራሻ ታስገባለህ። ግዴታ ሳይሆን ወግ ነበር፤ ባለቤቱ ማን ቤቱ እንደገባ እንዲያውቅ ነው። ኢንተርኔት የሌለው ሰው ደግሞ በሞደም ስልክ ደውሎ ቢቢኤስ ወደሚባለው የኮምፒውተር ማስታወቂያ ሰሌዳ ይገባል። የመጀመሪያውን ቢቢኤስ ዋርድ ክሪስተንሰንና ራንዲ ሱስ በፌብሩዋሪ 1978 ቺካጎ ላይ ከፈቱ። ሁለቱ ዓለማት አንዱ ከሌላው ፋይል ይወስዱ ነበር።

አሁን ወደ ክሶቹ።

ከምን አለሽ ተራው ልጀምር፤ ሌሎቹ ክሶች የቆሙት በሱ ላይ ነውና። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ምን አለሽ ተራን ለስድብ አይጠቀምበትም። እዚያ የተጣለ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ የወዳደቀ ቆርቆሮ የቤት ዕቃ ይሆናል። ጸሐፊው ማከማቻዎቹ በዚህ ይመስሉት ነበር ካሉ እኔም እስማማለሁ። እሳቸው ግን የፈለጉት «ቆሻሻ» ለማለት ነው።

እስቲ አንድ ነገር ይሞክሩ። ጽሑፋቸውን የጻፉት በዎርድ ከሆነ፣ ያንኑ ፋይል በኖትፓድ ይክፈቱት። ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይመጣል። ከክምሩ ፊት ያሉት ሁለት ፊደላት ግን ቁልጭ ብለው ይነበባሉ፤ የእንግሊዝኛዎቹ ፒ እና ኬ ናቸው። የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። የዛሬው የዎርድ ፋይል ውስጡ ዚፕ ነው፣ ማለትም ፋይሎች ተጨምቀው በአንድ የሚታሰሩበት ቅርጽ፤ ዚፕን በ1989 ያወጣው ደግሞ ሚልዋኪ ይኖር የነበረው ይህ ፕሮግራመር ነው። ፕሮግራሙ በየቢቢኤሱና በየኤፍቲፒ ማከማቻው ተዳረሰ። ካትዝ ከፕሮግራሙ ጋር ሌላም ነገር ለቀቀ፤ የዚፕ ፋይል ውስጡ እንዴት እንደተዋቀረ የሚያስረዳ ሰነድ። ማንም አንብቦ የራሱን ዚፕ መፍቻ መጻፍ ይችላል። ካትዝ ጻድቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ከዚያ በፊት በሠራው ፕሮግራም የሌላ ድርጅት ኮድ ተጠቅመሃል ተብሎ በ1988 ተከሶ ገንዘብ ከፍሎ ነው የታረቀው። ሰነዱን ለሁሉም መልቀቁ ግን ያመጣውን ውጤት ማንም ሊክደው አይችልም።

ሰነዱን አንብበው የተነሱ ሰዎች ነበሩ። በ1990 ኢንፎዚፕ የሚባል ቡድን ተመሠረተ። የተሰባሰቡት በኢሜይል መወያያ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ የተቀመጠው ደግሞ ሲምቴል በሚባለው የፋይል ማከማቻ ሰርቨር ላይ ነበር። የዚፕ መፍቻውን ለዩኒክስ፣ ለቪኤምኤስ፣ ለአሚጋ፣ ለአታሪ፣ ለኦኤስቱ እያሉ ላልታሰበ ማሽን ሁሉ አዳረሱት። ከዚሁ ቡድን የወጡት ዣን ሉ ጋይና ማርክ አድለር በ1992 ጂዚፕን፣ በ1995 ደግሞ ዜድሊብን የተባሉ መጨመቂያዎች አወጡ። የፒኤንጂ ምስል የሚጨመቅበት ስልት ይሄው ነው። የአንድሮይድ አፕ የሚጫንበት ፋይል ራሱ ዚፕ ነው። የጸሐፊው ጽሑፍ በስልክ የተነበበው በነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ ተሳፍሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። በ1977 ክሪስተንሰን ፋይል በስልክ መስመር ማስተላለፊያ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈና ለሕዝብ ለቀቀው። ፋይሉን በ128 ባይት እየቆራረጠ ይልካል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የቁጥር ድምር አብሮ ይሄዳል። ተቀባዩ ድምሩን ያሰላል፤ ከገጠመ «ደርሷል» ይላል፣ ካልገጠመ «ድገምልኝ» ይላል። በቃ፣ ይኼው ነው። ጫጫታ በበዛበት የስልክ መስመር ፋይል ሳይበላሽ እንዲያልፍ ያደረገው ይህ ቀላል ዘዴ ነው። ኪት ፒተርሰን የተባለ ሰው ትንሽ አሻሽሎት ኤክስሞደም ብሎ ሰየመው። የዚህን ሰው ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሊነክስ የተባለው ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም በሴፕቴምበር 1991 የመጀመሪያ ቅጂው የተቀመጠው ፊንላንድ ውስጥ ፉኔት በሚባል የኤፍቲፒ ማከማቻ ነው። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም።

እርግጥ ተራ ነገርም ሞልቶ ነበር። የፋይል ዝርዝር የሚያሳይ ፕሮግራም ብቻ ስፍር ቁጥር አልነበረውም፤ ጸሐፊውም በዚህ ይስቃሉ። ግን ለምን እንደበዛ ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የማይክሮሶፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የዶስ፣ «ዲር» ትዕዛዝ ፋይሎችን በስም ወይም በቀን ተራ አስይዞ ማሳየት የቻለው በ1991 ዶስ 5 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት ፋይሉ ዲስኩ ላይ በገባበት ቅደም ተከተል ተዘባርቆ ይመጣል። ሰው የቸገረውን ነገር ቁጭ ብሎ ሠራው። ችግሩ የብዙ ሰው ስለነበረ ሠሪውም በዛ። ከዓመታት በኋላ ማይክሮሶፍት ራሱ ያንኑ ነገር ዶስ ውስጥ ከተተው። ይህ የሚያሳየው የተጠቃሚዎቹ ፍላጎት ትክክል እንደነበረ ነው።

ጠባቂ አልነበራቸውም የሚለው ክስ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኝ ነው። እነዚህ ቦታዎች የቆሙት በጠባቂዎቻቸው ላይ ነበርና።

ሲምቴልን እንውሰድ። ስብስቡ በ1979 አካባቢ ኤምአይቲ ውስጥ ተጀምሮ በ1983 ኒው ሜክሲኮ ወዳለው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሚሳይል መሞከሪያ፣ ወደ ዋይት ሳንድስ ተዛወረ። የተቀመጠበት ማሽን ዴክሲስተም 20 ስለነበረ ሲምቴል 20 ተባለ። መጀመሪያ ከዶስ የቀደመው የሲፒኤም ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በኋላ የዶስ ፕሮግራሞች ተሰበሰቡበት። ለዓመታት ፋይሎቹን እየተቀበለ፣ እየመረመረ፣ አዲስ የገባውን እያስታወቀ ያስተዳደረው ያ ኤክስሞደምን የሰየመው ኪት ፒተርሰን ነው። መገልገያ ሠሪው ራሱ ጠባቂ ሆነ።

ፊንላንድ ውስጥ በቫሳ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጋርቦም እንዲሁ ነው። ዋና ጠባቂው ቲሞ ሳልሚ የአካውንቲንግ ፕሮፌሰር ነበር። በጎን ተርቦ ፓስካል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ መገልገያ ይጽፋል፤ በራሱ ማከማቻም ያስቀምጣል። ሰዎች ስለ ተርቦ ፓስካል ደጋግመው የሚጠይቁትን ጥያቄ ከነመልሱ አጠናቅሮ አንድ ፋይል አድርጎ አስቀመጠ። ስንት ሰው ከሱ ተምሯል!

አሠራሩ እንዴት ነበር? ከቦታ ቦታ ቢለያይም ዋናው አንድ ነው። ፕሮግራምህን ጨርሰሃል እንበል። የአጠቃቀም ማብራሪያ ትጽፍና ሁሉንም በአንድ ዚፕ ታስራለህ። የፋይሉ ስም ከ8 ፊደል መብለጥ አይችልም፤ ዶስ አይፈቅድም። ስለዚህ በስሙ ውስጥ የቅጂውን ቁጥር ጭምር ታጨቃለህ። ለምሳሌ የካትዝ ፕሮግራም የ1993 ቅጂ «ፒኬዚ204ጂ» ነበር የሚባለው፤ ያየ ሰው ሁሉ ቅጂ 2.04 ጂ እንደሆነ ገና ሳይከፍተው ያውቃል። ከዚያ «ገቢ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ ትጥለዋለህ። ይህ ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ መጣል እንጂ ማንሳት አይፈቀድበትም፤ ያልተመረመረ ፋይል ለሕዝብ እንዳይደርስ ነው። ለጠባቂው በኢሜይል ስለ ፕሮግራሙ አጭር መግለጫ ትልካለህ።

ጠባቂው ዚፑን ይፈትሻል። ዚፕ ለእያንዳንዱ ፋይል የራሱ ማረጋገጫ ቁጥር ስላለው በመንገድ የተበላሸ ካለ እዚያው ይያዛል። በቫይረስ መፈለጊያ ያልፋል። የሚሸጥ ፕሮግራም ተሰርቆ የመጣ ከሆነ ይጣላል። የድሮ ቅጂ ካለ አዲሱ ይተካዋል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ በሚመለከተው ማውጫ ይቀመጥና በዝርዝሩ ላይ መግለጫ ይጻፍለታል። ያውም አንድ መስመር ብቻ! ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ በአንድ መስመር የማያውቁት ሰው እንዲገባው አድርጎ መጻፍ ችሎታ ይጠይቃል። ቢቢኤሶች ትንሽ ለጋስ ነበሩ፤ በዚፑ ውስጥ በምትከተው የመግለጫ ፋይል እስከ 10 መስመር ይፈቅዳሉ፤ እያንዳንዱ መስመር እስከ 45 ፊደል። ዛሬ በቴሌግራም የሚላክልንን ስም የለሽ አፕ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ማን ሠራው? ስንተኛ ቅጂ ነው? ምን ተሻሻለ? የሚነግርህ የለም።

ጸሐፊው «የፈለግከውን ማግኘት የማይቻልበት ጫካ» ብለዋል። ያ ችግር እውነት ነበር፤ መፍትሔም አግኝቷል። በ1990 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አለን ኤምቴጅ የተባለ ተማሪ አርቺን ሠራ። አርቺ በዓለም ዙሪያ ያሉ የኤፍቲፒ ማከማቻዎችን ዝርዝር እየሰበሰበ የፋይል ስም ስትሰጠው የት የት እንዳለ ይነግርሃል። የኢንተርኔት የመጀመሪያው መፈለጊያ የሚባለው እሱ ነው። ከጉግል ብዙ ዓመት ይቀድማል። መነሻውም እነዚህ የተናቁ ማከማቻዎች ናቸው።

ስለ ቫይረስ። እዚህ ላይ ጸሐፊው የፈሩት ነገር በእርግጥ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ «የካትዝ ፕሮግራም ቅጂ 3» ተብሎ የተሰራጨ አጥፊ ፕሮግራም ነበር፤ ካትዝ እንዲህ ያለ ቅጂ አላወጣም። በ1994 ደግሞ ሴንት ሉዊስ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ያዘጋጀው የኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራም ላይ አንድ ሰው ስውር መግቢያ ጨምሮበት ተገኘ። በኤፕሪል ወር ማስጠንቀቂያ ወጣ። እነዚህን መደበቅ አያስፈልግም።

ጸሐፊው ግን «ከሱቅ የገዛ ሰው ሰላም ነበር» ነው የሚሉት። አልነበረም። በ1988 አልደስ የተባለው ኩባንያ ፍሪሃንድ የተባለውን የማኪንቶሽ የሥዕል ፕሮግራም ቫይረስ ካለበት ዲስክ ጋር ለገበያ አውጥቷል፤ በታሸገ ካርቶን፣ በሙሉ ዋጋ። በ1995 የዎርድ ሰነድ የሚበክለው ኮንሴፕት የተባለ ቫይረስ ከማይክሮሶፍት በራሱ በተላከ ሲዲ ውስጥ ተገኝቷል። ቤዛ የሚጠይቁ ቫይረሶች የመጀመሪያ የሚባለውም የመጣው በኤፍቲፒ አይደለም። በ1989 መጨረሻ ወደ 20,000 የሚጠጋ ፍሎፒ ዲስክ በፖስታ ቤት ተልኮ ነው፤ ስለ ኤድስ መረጃ የሚሰጥ ፕሮግራም መስሎ። ኮምፒውተሩን ካሰረ በኋላ ፓናማ ወዳለ የፖስታ ሳጥን 189 ዶላር ላኩ ይላል። ሰዎች ዲስኩን ያመኑት ደኅና ፖስታና ደኅና ማሸጊያ ስለነበረው ነው።

በማከማቻዎቹ ግን ከፖስታና ከካርቶን የሚሻል ነገር ነበር። ፋይሉን ያስገባው ሰው ስምና አድራሻ አብሮ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ ኮድም አብሮት አለ፤ የጠረጠረ ያነበዋል። ጠባቂው ደግሞ ለስሙ ይጠነቀቃል። እሱን ማመን ካቆምክ ማከማቻው ዋጋ የለውምና።

የባለሙያውን እንጀራ ነጠቁ ለሚለው ብዙ ቃል ማባከን አልፈልግም። ጸሐፊው ነጻ ነገርንና ሼርዌርን ቀላቅለዋል። ሼርዌር ማለት ሞክረው፣ ለሌላም ስጠው፣ ከተጠቀምክበት ክፈል ማለት ነው። አንድሩ ፍሉገልማን በ1982 ፒሲቶክን በዚህ መንገድ ሲያሰራጭ፣ ጂም ኖፍ ደግሞ ፒሲፋይልን ይዞ በተመሳሳይ ጊዜ ወጣ። ቦብ ዋላስ በ1983 ፒሲራይት የተባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም ለቀቀ። ዲስኩ 10 ዶላር ነው። የተመዘገበ ሰው 75 ዶላር ይከፍላል። እሱ የሰጠው ቅጂ ሌላ ሰው እንዲመዘገብ ካደረገ ደግሞ 25 ዶላር ኮሚሽን ይመለስለታል። እነዚህ ሰዎች ቢሮ ከፍተው ሠራተኛ ቀጥረው የኖሩ ናቸው። ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ ለማግኘት ገንዘብ ያልነበረው ሠሪ ገዢ ያገኘው በቢቢኤሱና በማከማቻው በኩል ነው። ኢንተርኔት ካፌ የገባ አበሻ ሁሉ የሚያውቀው ዊንራርም እስከ ዛሬ የሚሸጠው በዚሁ ስልት ነው። የሙከራ ጊዜህ አልቋል እያለ በትሕትና ያስታውስሃል እንጂ በሩን አይዘጋብህም። ድርጅቱም አልከሰረም።

«የፈረንጅ ጨዋታ ነበር፣ እኛን አይመለከትም»። በዚህ ነጥብ ግማሹን እቀበላቸዋለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የስልክ መስመር ለማስገባት ዓመታት ወረፋ ይጠበቅ ነበር። ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) የመረጃ ክፍል ፓዲስ ቢቢኤሶችን በሚያገናኘው በፊዶኔት አማካይነት ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር፤ ደብዳቤው ተጠራቅሞ በስልክ ጥሪ ይላካል። በሰከንድ 2400 ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም 100 ኪሎባይት የምታክል ፕሮግራም ለማውረድ 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያውም መስመሩ ካልተቆረጠ ነው። ያን ጊዜ እዚህ ተቀምጦ ከፊንላንድ ፋይል ማውረድ የጥቂቶች ዕድል ነበር።

ግን «እኛ አልነበርንበትም» ማለት ስህተት ነው። ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ደንብ፣ የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 በወጣው ቅጂ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በአማርኛ ኢሜይል መጻጻፍ ሲፈልጉ ፊደሉን የሚሸከም ነገር አልነበረም። እነ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የሚባለውን ሥርዓት አዘጋጁ፤ ግዕዝን በላቲን ፊደላት የመክተቢያ ደንብ ነው። ትንሹ ቲ «ተ»ን ሲወክል ትልቁ ቲ «ጠ»ን ይወክላል፤ እንዲህ እያለ ፊደሉን በሙሉ ይሸፍናል። የላክኸው ጽሑፍ የትኛውንም ኢሜይል አቋርጦ ያልፋል። ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ትንሽ ፕሮግራም ወደ ፊደል ይመልሰዋል። በነጻ የተሰጠ ደንብ ነው፤ ማንም መቀየሪያ መጻፍ ይችል ነበር።

ሃምቡርግ ላይ ደግሞ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትዚንገር ላቴክ (በቴክ ላይ የተሠራ የሰነድ ማዘጋጃ ፕሮግራም) አማርኛ የሚተይብበት ጥቅል አዘጋጁ። ፊደሉም፣ ትዕዛዙም፣ ማብራሪያውም ተካቷል። ያስቀመጡት ሲታን በሚባለው የቴክ ማከማቻ ነው። ሲታን በ1993 በይፋ የተዋወቀ የኤፍቲፒ ማከማቻ ነው፤ ዛሬም አለ። ጥቅሉም እዚያው አለ፤ የፈለገ አሁኑኑ ማውረድ ይችላል። ጸሐፊው የናቁት ዓይነት ቦታ የእኛን ፊደል ይዞ እስከ ዛሬ ቆይቷል ማለት ነው። ሌላም ልጨምር። ከላይ ያነሳሁት የአርቺ ሠሪ አለን ኤምቴጅ የባርቤዶስ ልጅ ነው። ከትንሽ ደሴት የመጣ ጥቁር ተማሪ የዓለምን ማከማቻዎች በአንድ ዝርዝር ሰበሰበ። «የፈረንጅ ጨዋታ» ሲባል ይህን ልጅ የት አስቀምጠነው ነው?

ሞቱ የሚለው ቀረ። አንዳንዶቹ ተዘግተዋል። የሞቱት ግን ጸሐፊው እንዳሉት ፈላጊ አጥተው አይደለም። ጦር ሠራዊቱ በ1993 ሲምቴል 20ን ሲያጠፋው ቦታው በጣም ተፈላጊ ነበር። ያልጠፋው ቅጂው ቀድሞ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሰርቨሮች ላይ ስለነበረ ነው። ፒተርሰን ሥራውን ቀጠለ። ዋልነት ክሪክ ሲዲሮም የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ስብስቡን በሲዲ እያተመ ሸጠ፤ ኢንተርኔት ያልነበረው ሰው ስብስቡን በፖስታ አገኘ። ሲምቴል ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋው በማርች 2013 ነው። በኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረው የኦኤስቱ ማከማቻ ሆብስም በኤፕሪል 2024 ተዘጋ፤ እንደሚዘጋ ሲሰማ ሰዎች ተሯሩጠው ቀዱት። ኡርባን ሙለር በስዊዘርላንድ በ1992 የጀመረው የአሚጋ ማከማቻ አሚኔት ግን አሁንም ክፍት ነው፤ አዲስ ፋይል ይቀበላል። ልዩነቱን አስተውሉ። የተዘጋው ወጪውን የሚሸፍን ተቋም ሲያቆም ነው። የተረፈው ደግሞ ቅጂ በሌላ ቦታ ስለነበረ ወይም ተረካቢ ጠባቂ ስለተገኘ ነው።

እንግዲህ ወደ ምክሩ። «ትንንሽ መገልገያ በነጻ አትበትኑ» ብለዋል። እኔ ደግሞ ከሥራዬ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ለኢትዮጵያውያን አፕ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቀን መቀየሪያ ያስፈልገዋል። ከእኛ ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ እኛ። ብዙው ሰው ከዜሮ ይጽፈዋል። ብዙው ሰው እዚያው ይሳሳታል።

ለመፈተን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888ን ስጡት። አድዋ ነው። ትክክለኛው መልስ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ብዙ መቀየሪያ ግን ማርች 2 ይልሃል፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ስለሆነ። ስህተቱ የመጣው ከ1900 ነው። ፈረንጆቹ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉም፤ በእኛ በኩል ግን በየአራት ዓመቱ የምትመጣው ጳጉሜን 6 እንደተለመደው ሄደች። ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። በ2100 ደግሞ እንደገና በአንድ ቀን ይሰፋል። ይህን ያላወቀ ፕሮግራመር በአባቱ የልደት ቀን ፈትኖ «ይሠራል» ብሎ ይለቀዋል። የአያቱ አባት የልደት ቀን ሲመጣ ይሳሳታል። ታሪክ ለሚመዘግብ፣ የድሮ ሰነድ ለሚያደራጅ ሰው ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

አንድ ልጅ ይህን አስተካክሎ መቀየሪያ ቢሠራ ሁለት መቶ መስመር ኮድ አይሞላም። ኩባንያ አይቋቋምበትም፣ ባለሀብትም አያየውም። ግን አድዋን፣ 1900ን፣ ጳጉሜን 6ን እና 2100ን የሚፈትን ዝርዝር አብሮ ቢያስቀምጥበት፣ ስሙንና የቅጂውን ቁጥር ቢጽፍበት፣ ማን በምን ፈቃድ ሊጠቀምበት እንደሚችል በአንድ መስመር ቢናገር፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ሁሉ ከዚያ ይነሳል። የግዕዝ ቁጥር መቀየሪያውም፣ የድሮ ፎንት ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ መመለሻውም እንዲሁ ነው። በተለይ የኋለኛው አስቸኳይ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ስንት መጽሐፍና ስንት የቢሮ ሰነድ በየሃርድ ዲስኩ ላይ ሊነበብ በማይችል ምልክት ተቀምጧል! እያንዳንዱ ፎንት የራሱ መቀየሪያ ይፈልጋል። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ገንዘብ የለውም፣ ፎንቶቹን የሚያስታውሱት ሰዎች ደግሞ እያነሱ ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የምለው ከጸሐፊው ተቃራኒ ነው። ሥሩት፣ ስጡት። ግን በቴሌግራም ቻናል ብቻ ጥላችሁት አትሂዱ፤ ቻናሉ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። ኮዱን ከነማብራሪያው ክፍት ቦታ ላይ አስቀምጡ። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑር። ማብራሪያው በአማርኛም ይሁን። ዕድሜያችን ከፍ ያለው ደግሞ የጠባቂነቱን ሥራ እንውሰድ፤ የቀን መቀየሪያው፣ የቁጥሩ፣ የፎንቱ መመለሻ የት እንዳለ፣ የትኛው ተፈትኖ እንዳለፈ፣ የትኛው አድዋ ላይ እንደሚሳሳት በአንድ መስመር የሚናገር ዝርዝር ይዘን ማደስ አያቅተንም። ጸሐፊውም የድሮ ፎንት ፋይሎች ካሏቸው ይላኩ፣ ከዚያ እንጀምራለን።